ነጋ፣ ሲጠብቅና ሲላላ

ለሊሴ ቤት ልቀቂ የተባለችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ደረጃ ላይ፣ ጀሪካን በእጇ እንደያዘች ነው። ውሃ መጥቶ ነበር። ጀሞ ውሃ በመጣ ቀን ሰው ቁርሱንም ጸሎቱንም ትቶ ባልዲ ነው የሚያነሳው፤ ዘነቡም ሁለተኛ ፎቅ ከበሯ ፊት ጀሪካኖቿን ደርድራ ስትሞላ ከላይ የሩቲን ድምፅ ሰማች። ሩቲ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ክፉ ነገር ልትናገር ስትል ደግሞ ይብሱን ይለሰልሳል። «ለሊሴዬ፣ ወንድሜ ከክፍለ ሀገር ሊገባ ነውና እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ብትለቂልኝ» አለች። ብሎኩ አሥራ ሁለት ዓመት አብሮ ኖሯል፤ ሩቲ ለእናቷ አንድ መሆኗን የማያውቅ የለም። እናቷ የሞቱ ጊዜ ድንኳን የተከለውም እንግዳ ያስተናገደውም ጎረቤት ነው፤ ወንድም ቢኖር ያን ቀን ብቅ ባለ ነበር። ዘነቡ ልጅቷ «የቱ ወንድምሽ?» ትላለች ብላ ጆሮዋን አቆመች። ለሊሴ ግን «እሺ» ብቻ አለች፤ ለምን ሳትል፣ ሳትለማመጥ፣ ይመጣል ሲባል የሰነበተ ነገር እንደ መጣበት ሰው። ዘነቡን ያስደነገጣት ልቀቂ መባሏ ሳይሆን ያ «እሺ» ነው። ጀሪካኑ ሞልቶ እግሯ ላይ እስኪፈስ ድረስ ቆማ ቀረች።

የፈሰሰውን ገና ጠርጋ ሳትጨርስ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኤልያቄም ክላሰራቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። አቶ ኤልያቄም ክፉ ሰው ናቸው ማለት አይቻልም። የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ከኪሳቸው ገዝተው ይቀይራሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ሰላምታቸው ረጅም ነው። ሰላምታውን ሲጨርሱ አንድ ሰፊ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። የቤት ቁጥር፣ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ስልክ፣ ፊርማ፤ ይህ ሁሉ የተለመደ ነው። ከስልኩና ከፊርማው መሀል ግን በማስመሪያ የተሰመረ አንድ ጠባብ ዓምድ ተጨምሮ ከላዩ «ብሔር» ተብሎ ተጽፏል። «ይሄ ደግሞ ለምኑ ነው?» አለቻቸው። «ከላይ የመጣ ነው» አሉ። ዘነቡ ወደ ላይ አየች። ከአራተኛ ፎቅ በላይ እሷ የምታውቀው የውሃ ሮቶ ብቻ ነው። «ለጸጥታ ነው ወይዘሮ ዘነቡ፣ ለራሳችን ደኅንነት። እስከ አሥር ሰዓት ቢደርስልኝ። መቼም የእጅ ጽሕፈት እንደ እርስዎ የለም» ብለው ወረዱ። የተረታችው በዚህችው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ስትሠራ ጽሕፈቷን ያመሰገነላት ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሰው ደግሞ በሚኮራበት ነገር ይያዛል።

ስሕተቷም እዚያው ጀመረ። ዘነቡ የብሎኩ እድር ጸሐፊ ናት። የእድር ነገር የሚሄደው በአንድ ወረቀት ነው፤ አንድ ወረቀት፣ በክር የታሰረ አንድ እስክሪብቶ፣ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ሃያ በር። ሰው ከላይ የፈረመውን እያየ ከታች ይፈርማል፤ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ሁሉም ያውቃል፤ እድሩን ያቆመውም ይኸው መተያየት ነው። የቤት ቁጥሩንና ስሙን በተራ ጻፈችና ይሄንንም ወረቀት እንደዚያው ይዛ ወረደች። ሃያ ብጣሽ ቀዳ ለየበሩ ለብቻ ማደል እንደሚቻል ያን ጠዋት ውልም አላላት።

መጀመሪያ ሬድዋን ነው፤ ሱቁ ከፊት፣ መኖሪያው ከጀርባ። ዳቦ አሥራ አምስት ብር የገባበትን ምክንያት ለአንዷ በአማርኛ ያስረዳል፣ ለሌላዋ በኦሮምኛ ዘይት ይቀዳል፣ በስልክ ደግሞ ከወንድሙ ጋር በስልጥኛ ይጨቃጨቃል። ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። «ስልጤ ይበሉኛ እትዬ፤ ምነው ዛሬ ጠፋሁብዎት?» ብሎ ፈረመ። ጎረቤቱ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ያን ጠባብ ዓምድ ብዙ አዩት። «እኔ ሠላሳ ዓመት የዚህችን አገር ካርታ በጠመኔ ስሥል ኖሬአለሁ፤ እንዲህ የሚል መስመር አሥምሬ አላውቅም» አሉና እስክሪብቶውን ወስደው በደማቁ «ኢትዮጵያዊ» ብለው ጻፉ።

ሦስተኛው በር የጉተማ ነው። ጉተማ የባሏ የነጋ የዳማ ጓደኛ ነው፤ ብሎኩ በቆመበት መሬት ላይ አባቱ ጤፍ ይዘሩ እንደነበር አንዳንዴ እንደ ቀልድ ያነሳዋል። የመምህሩን ጽሑፍ አነበበ። «ኢትዮጵያዊ ማለት ብሔር ሆነ እንዴ? እሳቸው ይቺን ከወሰዱ እኛ ታዲያ ምን ተብለን ልንጻፍ ነው?» አለ። አልተቆጣም፤ የገረመው ይመስላል። «አባቴ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ስሙን ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር ዘነቡ። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ዝቅ አላደርግም» ብሎ «ኦሮሞ» ሲል ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ዘነቡ ሁለቱን ቃላት አንዱን ከአንዱ በታች አየቻቸው። መምህሩም እውነታቸውን ነው፤ ጉተማም እውነቱን ነው። ትናንት ማታ ሁለቱም አንድ ሰሌዳ ላይ ዳማ ሲጫወቱ ነበር ያመሹት። ወረቀቱ ላይ ግን አንዱ ለሌላው የተሰጠ መልስ መሰለ።

ከዚያ በኋላ የጻፈ ሁሉ መጀመሪያ አነበበ። አንደኛ ፎቅ ላይ «እኔ እንኳን ቅይጥ ነኝ፣ ምን ይሻለኛል?» እያለች ትስቅ የነበረች ሴት በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወርዳ ሳቋን ዋጠችና አንዱን መረጠች። «ሬድዋን ስልጤ ነው እንዴ? እኔስ ጉራጌ ይመስለኝ ነበር» አለ አንዱ፤ ክፋት የለውም፣ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሳያስፈልገው የኖረ ዕውቀት ነው። አንዱ ደግሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ምን እንደሚቆጥር አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም። «ይሄን ያህል ናቸው?» አለች ሌላዋ፤ እነማን እንደሆኑ አልነገረቻትም። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። በሩ የሚከፈተው ገርበብ ብሎ ነው፤ «ግቢ፣ ቡና ፉት በይ» የሚላት ጠፋ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይሄኛው ግን ካፍም ሳይወጣ ነው አፋፍ የደረሰው። ዘነቡ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የራሷን ጽሕፈት አየችው። ፊደሉ እንዴት ያምራል። ዓምዱን ያሰመረው ሌላ ሰው ቢሆንም በየበሩ ይዛው የዞረችው እሷ ናት፤ በዚያን ሰዓት እጇን ቆርጣ ብትጥለው ደስ ባላት።

ሩቲ ሁለት ቤት አላት፤ አንዱን ትኖርበታለች፣ የእናቷን ለለሊሴ አከራይታዋለች። በሯን ከፍታ አንገቷን ብቻ አወጣች። «እትዬ ዘነቡ፣ በተከራይ ቤት የሚጻፈው የባለቤቱ ነው አይደል?» አለች። «የሚኖርበት ሰው ነው።» ሩቲ ወደ ለሊሴ በር አየችና ድምፅዋን አለሰለሰች። «በኔ ቤት ቁጥር ስሟ እንዳይገባ ብዬ እኮ ነው። ወረቀት እንደሚመጣ ሰምቼ ነበር። ነገ አንድ ነገር ቢመጣ የሚንኳኳው የኔ በር ነው። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ እኔ ሴት ብቻዬን።» ዘነቡ «ብቻሽን? ወንድምሽ መጣልሽ አይደል እንዴ» አለቻትና አለፈች። ብትነክሳትም አልረካችም፤ ሩቲ ፊት ላይ ያየችው ፍርሃት የውሸት አልነበረም።

ለሊሴ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ክሊኒክ ነርስ ናት። በየቅዳሜው ከሰዓት መለኪያዋን ይዛ ወርዳ የነጋን ደም ግፊት ትለካለች፤ ጨው እንዳይበላ ትቆጣዋለች፤ እሱም እንደ ልጅ እሺ ይላታል። ግማሽ ዕቃዋን በማዳበሪያ አስራ ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ እንደሌላው ከላይ አልጀመረችም፤ ዓይኗ በቀጥታ መሀሉ ላይ ባዶ ወደቀረው ሳጥን ሄደ። ሁለት መቶ ሦስት። የነጋ ቤት። «የራሴን ኋላ እሞላዋለሁ ብዬ ነው» አለች ዘነቡ፣ ሳትጠየቅ። ለሊሴ የራሷን በትንንሽ ፊደል ጻፈችና መለሰችላት። «ባዶውን ይተዉት እትዬ። ባዶ ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ወለቴ አክስቷ ጋ እንደምትገባ፣ ለደም ግፊቱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምትመጣ ነገረቻት። ዘነቡ ልታቅፋት ፈልጋ ወረቀቱ እጇን ያዘው።

የነጋ ስም በፊደላችን ሲጻፍ አንድ ነው፤ ፊደሉ ማጥበቂያ የለውምና። ሲጠብቅ ጎሕ ቀደደ፣ ሌሊቱ አለፈ ማለት ነው። ሲላላና ጫፉ ሲሳብ በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው። እናቱ ገላኔ፣ ላፍቶ ላይ ወልደው፣ ያወጡለት ላላውን ነው፤ ተማሪ ቤት ሲገባ የኔታው አጠበቁት፣ እሱም አልተከራከረም። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ሁለቱንም ሲባል ኖሯል፤ ለሁለቱም መልሱ «አቤት» ነው። ብሎኩም እንደዚያው ነው። ያጠበቀው የኔ ሰው ነው ይላል፣ ያላላው የኔ ነው ይላል፤ ሁሉም እሱ ፊት የልቡን ያወራል፣ ነጋም ሻዩን እየጠጣ ይሰማል። ደብቆ አይደለም። ከወንድሙ ከቶሌራ ጋር በስልክ በኦሮምኛ ሲያወራ ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማል፤ ግን ሬድዋንም ያወራል፣ ግማሹ ሰፈር ያወራል፣ ቋንቋ ምን ምስክር ይሆናል። የጠየቀው ሰው የለም፤ ቢጠየቅ ይናገር ነበር። ዘነቡ ራሷ የቡልጋ ሰው ልጅ ናት፤ በሰው ፊት ስትጠራው ታጠብቃለች፣ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ታላላዋለች። ከትዳራቸው ውስጥ ለማንም ያልነገረችው ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ምሳ ፓስታ ነበር። ወረቀቱ ከውሃ ጆጉ አጠገብ ተዘርግቶ ተቀምጧል፤ ሦስቱም አያዩትም። ልጃቸው ቤዚ፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ሹካዋን አስቀመጠች። «ኢትዮጵያዊ በሉና ገላግሉን።» «እሱም ተጽፎ አይተነዋል» አለች ዘነቡ። «የአባት ነው የሚጻፈው። አንድ ቤት አንድ መስመር ነው ያለው።» ቤዚ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «የቤተሰብ ብዛት፣ ሦስት» ብላ አነበበች። «ሦስት ሰው በአንድ ቃል። ታዲያ እኔ ስጠየቅ ከማንኛችሁ ጎን ነው የምቆመው?» ነጋ ፓስታውን በሹካ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጠቀልላል። ከውጪ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ የሞላ» ሲል ይሰማል። ዘነቡ የባሏን ፊት ፈራች፤ ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ምን እያሰበ እንደሆነ ያጣችው በዚያ ምሳ ነው። በመጨረሻ «ባዶ ተዪው። እስከ ዛሬ ባዶ ሆኖ ምን ጎደለብን?» አለና ሳይጨርስ ተነሥቶ ጓዳ ገብቶ ጋደም አለ።

ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን አቶ ኤልያቄም መጡ። በሩ ላይ እንደቆሙ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጽሕፈቷን አደነቁ፤ ጣታቸው ሁለት መቶ ሦስት ላይ ቆመ። «ይቺ ተረስታ ነው?» «አልተረሳችም። ባዶ ትሁን ብሏል።» ሳቅ አሉ፣ እንደ ዘመድ። «ባዶ አይቻልም ወይዘሮ ዘነቡ። ባዶ የተገኘውን ሌላ ሰው ነው የሚሞላው፤ ያ ደግሞ ለማንም አይበጅም።» ሌላ ሰው ያሉት ማን እንደሆነ ልትጠይቃቸው ስትል ቀደሟት። «ደግሞ ጋሼ ነጋን አጣናቸው እንዴ? የኛው ሰው አይደሉም? ይልቅ እኔው ልሙላልዎት» ብለው ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ መዘዙ። ዘነቡ አንዴ ራሷን በእሺታ ብትነቀንቅ ነገሩ ያበቃል፤ ነጋ እንደ ወትሮው ዳማውን ይጫወታል፣ የሚንኳኳ በር ካለም የእነሱ አይሆንም። እውነቱን ለመናገር ልትነቀንቅ ነበር።

ነጋ በነጠላ ጫማው ከጓዳ ወጣ። «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል አቶ ኤልያቄም» አለ፣ ፈገግ ብሎ፣ እስክሪብቶውን ከእጃቸው እየተቀበለ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ደግፎ «ኦሮሞ» ብሎ ጻፈ። የሾፌር ጽሕፈት ነው፤ ፊደሎቹ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ናቸው። ፈረመና መለሰላቸው። አቶ ኤልያቄም አዩት፤ ነጋን አዩ፤ እንደገና ወረቀቱን አዩ። «ለካስ» አሉ። ያ ረጅም ሰላምታቸው ስንብት ላይ ጠፋ።

«ምን ነካህ?» አለችው በሩ ሲዘጋ፣ በሹክሹክታ። ነጋ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። «ጠዋት ያቺ ልጅ እሺ ስትል እኔም ሰምቻለሁ። በሰው እጅ ሌላ ሰው ሆኜ ተጽፌ፣ ቅዳሜ ስትመጣ ምን ብዬ ነው ክንዴን የምሰጣት?» አለ። ዘነቡ ኮራችበት፤ ተናደደችበት፤ ከሁለቱ የበለጠው ግን ፍርሃቷ ነበር። ቤዚ ክፍሏ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር፤ በሩን ዘጋች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጋ እንደ ልማዱ ወደ ሬድዋን ሱቅ ወረደ። ዘነቡ ከኮሪደሩ ብረት ተደግፋ ቁልቁል ትመለከታለች። ዳማው በቆርኪ ነው፣ መቀመጫው የለስላሳ ሳጥን፤ ጥግ ላይ ያለው ቀይ ሳጥን የነጋ ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም። ዛሬም አልተቀመጡበትም። ሲደርስ ወሬው ቆመ። መምህሩ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ላስቲክ ከተው «ዓይኔን አሞኛል» አሉና ተነሡ። አንዱ ራቱ ደረሰ፣ ሌላው ስልክ ተደወለለት። ጉተማ ብቻ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። «አካም ኦልቴ፣ ኦቦሌሳ!» አለ፤ እንዴት ዋልክ ወንድሜ እንደማለት። ሁለቱ ሁልጊዜም በኦሮምኛ ነው ሰላም የሚባባሉት፤ ግን ለራሳቸው ነበር፣ በዝግታ። የዛሬው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ፤ ሰላምታው ለነጋ ሳይሆን ተነሥተው ለሄዱት ነበር። ነጋም «ነጋ» ብሎ መለሰለት፤ ሰላም ነኝ ማለቱ ነው፣ ዝቅ አድርጎ። ከጉተማ ጋር ብቻውን መቀመጡ አላስከፋውም፤ ወንድሙ ነው። ያስከፋው ሌሎቹ ስለሄዱ መቀመጡ ነው፤ ዘነቡ ከላይ ሆና ትከሻውን አይታ ይሄን አወቀች። ብዙም አልቆየም። ሬድዋን ሦስት ዳቦ በላስቲክ አድርጎ ሰጠው፣ ሳይቀልድ። ሬድዋን ሳይቀልድ ዕቃ ሲሸጥ ያን ቀን ነው ያየችው።

ገና አልመሸም ነበር። ነጋ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ለነፋሱ ብላ በከፈተችው በር የአቶ ኤልያቄም ድምፅ ገባ። በብሎኩ ኔትወርክ የሚይዘው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ነው፤ ስልክ የሚያወራ ሁሉ እዚያ ይቆማል። «አዎ፣ ደርሷል። ላንብብልዎት፣ ይያዙ» ይላሉ። ዘነቡ እጇን እያደረቀች ቆመች። ስሞቹን በቤት ቁጥር ተራ ነበር የደረደረቻቸው፤ ከአንድ እስከ ሃያ፣ በር ከበር ሳይዘል። አሁን የሚነበበው በሌላ ተራ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ሁለት፣ ከአንደኛ አንድ፣ ተመልሶ ከአራተኛ፤ ከዚያ ትንሽ ዝምታና «ቀጥሎ»፤ ከዚያ ሌሎች፣ እነሱም ለብቻቸው። ሬድዋን ከማን ጋር እንደተነበበ ሰማች፤ ሩቲ ከማን ጋር እንደተነበበች ሰማች። መምህሩ ብቻቸውን ተነበቡ። በዚያች አጭር ሰዓት ብሎኩን አፍርሶ እንደገና የደረደረው ሰው እዚያ ታች ቆሞ በትሕትና ያነባል።

«ቀጥሎ» አሉ አቶ ኤልያቄም። «ዜሮ ዜሮ ሦስት፣ ጉተማ። ሦስት መቶ ሁለት፣ ለሊሴ፤ ተከራይ ናት። ሁለት መቶ ሦስት…»

አሥራ ሁለት ዓመት አጥብቀው ሲጠሩት የኖሩትን ስም አላልተው፣ ጫፉን ስበው፣ እናቱ ገላኔ ይጠሩት እንደነበረው አድርገው፣ ምንም ሳይሳሳቱ አነበቡት። ዘነቡ ዞር ብላ ባሏን አየችው። አንድ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ስሙ ሲጠራ እንደለመደው «አቤት» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። መልሶ ገጠመው።